ያረጀ የኑክሌር ጣቢያ ደኅንነቱ እንዴት ይጠበቃል? የዴቪስ-ቤሲ ዝገትና ትምህርቱ

እ.ኤ.አ. በማርች 2002 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ዴቪስ-ቤሲ የተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነዳጅ ለመቀየርና ጥገና ለማካሄድ ሥራ አቁሞ ነበር፡፡ ሠራተኞች በሬአክተሩ ክዳን ላይ ከተተከሉት ቱቦዎች አንዱን ሲጠግኑ ቱቦው ከቦታው ተነቃንቆ ዘመም አለ፡፡ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ብረት ውስጥ የተተከለ ቱቦ ሊነቃነቅ አይገባውም፡፡ በዙሪያው የተጋገረው ደረቅ ክምችት ተጠርጎ ሲታይ ግን ቱቦውን አቅፎ መያዝ የነበረበት ብረት በቦታው የለም፡፡ አሲድ በልቶ ጨርሶታል፡፡ የቀረው ከውስጥ በኩል የተለበጠው፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ ሽፋን በስተጀርባ ደግሞ ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀና ከአየር ግፊት 150 እጥፍ ገደማ የሚገፋ ውኃ ነበር፡፡

በዚህ አጋጣሚ የሞተም ሆነ የተጎዳ ሰው የለም፡፡ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን ከሦስት ማይል ደሴት አደጋ ወዲህ የአገሪቱን የኑክሌር ኢንዱስትሪ ያጋጠመ እጅግ አሳሳቢ የደኅንነት ችግር ብሎታል፡፡ ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሬአክተሮች ከ400 በላይ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው፡፡ ስለዚህ «ያረጀ ጣቢያ ደኅንነቱ እንዴት ይሻሻላል?» የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የሕግ አውጪዎች፣ የተቆጣጣሪዎችና የዜጎችም ነው፡፡ ለዚህ ጥያቄ ከዴቪስ-ቤሲ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ይከብዳል፡፡ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ጣቢያው

ዴቪስ-ቤሲ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ፣ ኦክ ሃርበር በተባለች ከተማ አጠገብ ይገኛል፡፡ ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን 900 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል፡፡ ሬአክተሩን የሠራው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ የተባለው ኩባንያ ነው፡፡ ዓይነቱ በግፊት የታመቀ ውኃ የሚጠቀም ነው፡፡ ውኃው በነዳጁ መካከል እያለፈ ይሞቃል፤ ግፊቱ ከፍተኛ በመሆኑ ግን አይፈላም፡፡ ሙቀቱን በእንፋሎት ማመንጫዎች በኩል ለሌላ ውኃ ያስተላልፋል፤ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው የዚህ የሁለተኛው ውኃ እንፋሎት ነው፡፡

በመጀመሪያው ውኃ ውስጥ ቦሪክ አሲድ ይጨመራል፡፡ ቦሮን ኒውትሮንን ስለሚውጥ የአቶም መሰንጠቅ ሂደቱን ለመቆጣጠር ይረዳል፡፡ አሲዱ በውኃው ውስጥ በቀጭኑ ተበርዞ እያለ የሬአክተሩን ውስጣዊ ክፍል አይጎዳም፤ የውስጡ ግድግዳ በማይዝግ ብረት የተለበጠው ለዚሁ ነው፡፡ ችግሩ የሚመጣው ውኃው በስንጥቅ ሾልኮ ሲወጣ ነው፡፡ ውኃው ይተናል፣ አሲዱ ይቀራል፣ እየተከማቸም ይጠነክራል፡፡ በውጭ በኩል ያለው ተራ ብረት ደግሞ መከላከያ የለውም፡፡

ጣቢያው ከጅምሩም ታሪክ አላጣም፡፡ በሴፕቴምበር 1977 የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ተከፍቶ አልዘጋ በማለቱ የማቀዝቀዣ ውኃ መፍሰስ ጀመረ፡፡ ጣቢያው በዝቅተኛ ኃይል ላይ ስለነበርና ሠራተኞች በጊዜ ስለደረሱበት ጉዳት ሳይደርስ ቀረ፡፡ ከ18 ወራት በኋላ፣ በማርች 1979 ያው ዓይነት ቫልቭ በፔንሲልቫኒያው ሦስት ማይል ደሴት ተከፍቶ ቀረ፤ የሬአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ፡፡ ሁለቱም ሬአክተሮች የአንድ አምራች ውጤቶች ነበሩ፡፡ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ለሁለተኛው ጣቢያ ሠራተኞች በሚገባ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ የኑክሌር ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፡፡

ዝገቱ ዓመታት ሲበላ ምልክቱ አልጠፋም

በሬአክተሩ ክዳን ላይ 69 ቱቦዎች ተተክለዋል፡፡ የመቆጣጠሪያ ዘንጎች የሚወጡትና የሚወርዱት በእነዚህ በኩል ነው፡፡ ቱቦዎቹ የተሠሩት ኒኬል ከሚበዛበት ቅይጥ ሲሆን፣ ይህ ቅይጥ ለብዙ ዓመታት በሙቅ ውኃና በውጥረት ውስጥ ሲቆይ መሰንጠቅ እንደሚችል በኋላ ላይ ታውቋል፡፡ ይህ እንግዲህ የእርጅና አንዱ ባሕርይ ነው፤ ጣቢያው ሲነደፍ ያልታሰበ ድክመት ከ20 ዓመት አገልግሎት በኋላ ብቅ ይላል፡፡

በዴቪስ-ቤሲ ሦስት ቱቦዎች ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ዘልቀው ተሰንጥቀው ነበር፡፡ በተለይ በሦስተኛው ቱቦ ዙሪያ የሾለከው ውኃ ለዓመታት ብረቱን በልቷል፡፡ ታዲያ ማንም አላየም ወይ? አይተዋል፡፡ በ2000 ነዳጅ ሲቀየር በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ከክዳኑ ጎን የወረደ ቀይ ዝገት ቁልጭ ብሎ ይታያል፡፡ የሕንፃውን አየር የሚያቀዘቅዙት መሣሪያዎች በቦሪክ አሲድ ዱቄት እየተሸፈኑ በየጊዜው መታጠብ ግድ ሆኖባቸው ነበር፡፡ የጨረር መለኪያው ማጣሪያ በዝገት ብናኝ በተደጋጋሚ ይደፈን ነበር፡፡ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ተያዘ፤ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ማቀዝቀዣው ታጠበ፣ ሥራው ቀጠለ፡፡ «ይህ ዝገት ከየት ይመጣል?» ብሎ እስከ መጨረሻው የጠየቀ ግን አልነበረም፡፡

ሌላም ነገር አለ፡፡ ክዳኑን ለመመርመር የሚያስችሉት ቀዳዳዎች ጠባብ በመሆናቸው አናቱን በሚገባ ማየትም ሆነ ማጽዳት አስቸጋሪ ነበር፡፡ ሰፋፊ መመርመሪያ በሮች እንዲከፈቱ ሐሳብ የቀረበው ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆንም ሥራው ከአንዱ የጥገና ወቅት ወደ ሌላው እየተላለፈ ኖሯል፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ቦታ ሰሚ አላገኘም፡፡

የስድስት ሳምንት ድርድር

የጉዳዩ እጅግ አስተማሪ ክፍል በዝገቱና በግኝቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው፡፡ በ2001 መጀመሪያ ኦኮኒ በተባለ ሌላ የአሜሪካ ጣቢያ የክዳን ቱቦዎች ዙሪያቸውን ተሰንጥቀው ተገኙ፡፡ ዙሪያውን የተሰነጠቀ ቱቦ በግፊቱ ተነቅሎ ሊወጣ ስለሚችል የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን በኦገስት 2001 ለተመሳሳይ ጣቢያዎች ማሳሰቢያ ላከ፡፡ ለአደጋው በጣም የተጋለጡት ጣቢያዎች እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2001 ድረስ ምርመራ እንዲያደርጉ ተጠየቀ፡፡

የዴቪስ-ቤሲ ባለቤት ፈርስትኢነርጂ ግን እስከ ማርች 2002 መጨረሻ፣ ማለትም አስቀድሞ እስከታቀደው የነዳጅ መቀየሪያ ጊዜ ድረስ መሥራት ፈለገ፡፡ ጣቢያው ያለ ዕቅድ ሲዘጋ በየቀኑ ገንዘብ ይጠፋል፡፡ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ጣቢያው በግድ እንዲዘጋ የሚያዝ ሰነድ እስከ ማርቀቅ ደርሰው ነበር፡፡ በመጨረሻ ግን ሁለቱ ወገኖች በመሐል መንገድ ተገናኙ፤ ጣቢያው እስከ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2002 ይሠራል ተባለ፡፡ ክዳኑ ሲመረመር የተገኘው ከላይ የተመለከትነው ነው፡፡

የኮሚሽኑ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ ውሳኔው በአብዛኛው የተመራው በኩባንያው ላይ የሚደርሰውን የገንዘብ ጫና ለመቀነስ በማሰብ እንደነበር ገልጿል፡፡ ለሕግ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ከዝገቱ የበለጠ ያስደነግጣል፡፡ በሕግ ቋንቋ ብናየው ማሳሰቢያው የማስረዳት ሸክሙን በኩባንያው ላይ የጣለ ይመስል ነበር፤ በተግባር ግን ጣቢያው አደገኛ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በተቆጣጣሪው ላይ ወደቀ፡፡ ዝገቱን ያላየ ተቆጣጣሪ ደግሞ ያላየውን ነገር ማስረዳት አይችልም፡፡

ሽፋኑ ቢበሳ ኖሮስ?

ያች ቀጭን ሽፋን የተሠራችው ዝገት ለመከላከል እንጂ ግፊት ለመሸከም አይደለም፡፡ ስትመረመር በግፊቱ ወደ ውጭ ጎበጥ ብላ ተገኝታለች፡፡ ብትበሳ ኖሮ የሬአክተሩ ውኃ በኃይል ወደ ሕንፃው ይፈስ ነበር፡፡ ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የድንገተኛ ጊዜ ፓምፖች አሉ፡፡ በመጀመሪያ ከማጠራቀሚያ ታንክ፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ ከተጠራቀመው ውኃ እየሳቡ ነዳጁን ያቀዘቅዛሉ፡፡

ጣቢያው ተዘግቶ ሌሎች ክፍሎች ሲፈተሹ ግን ሁለት ተጨማሪ ጉድለቶች ተገኙ፡፡ ወለል ላይ ያለው የውኃ መሳቢያ ወንፊት አነስተኛ በመሆኑ በፍርስራሽና በቀለም ቅርፊት ሊደፈን ይችል ነበር፡፡ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው ፓምፖችም ከወለሉ በሚሳብ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ውኃ ሊበላሹ እንደሚችሉ ታወቀ፡፡ ማለትም የመጀመሪያው መከላከያ ሊሰበር ሲቃረብ ሁለተኛውም አስተማማኝ አልነበረም፡፡ እነዚህ ጉድለቶች ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ የታዩት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው፡፡

ምን ተሻሻለ?

ጣቢያው ለሁለት ዓመታት ተዘግቶ ቆየ፡፡ ጥገናውና የኃይል መተኪያው በድምሩ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስወጣ፡፡ የተበላው ክዳን በሚቺጋን ግዛት ግንባታው ሳያልቅ ከቀረው ሚድላንድ ከተባለ ጣቢያ በመጣ ሌላ ክዳን ተተካ፡፡ የወለሉ ወንፊት በብዙ እጥፍ ሰፋ፤ ፓምፖቹ ተሻሻሉ፤ በሬአክተሩ አካባቢ እርጥበት እየለካ ጥቂት ፍሳሽ እንኳ ሲኖር የሚያሳውቅ መሣሪያ ተተከለ፡፡ የሥራ ኃላፊዎች ተቀየሩ፡፡ ኮሚሽኑም ልዩ የክትትል ቡድን አቋቁሞ ጣቢያው ሥራ እንዲጀምር የፈቀደው በማርች 2004 ነው፡፡

ከብረቱ ይልቅ የከበደው የአሠራር ባህሉን መለወጥ ነበር፡፡ ምርት ከደኅንነት እየቀደመ በቆየበት ቦታ አንድ ቴክኒሽያን «ይህ ነገር አላማረኝም» ብሎ ሥራ ቢያስቆም ምን ይደርስበታል? ይመሰገናል ወይስ ይገመገማል? ያረጀ ጣቢያ ደኅንነት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ተጠያቂው ማን ሆነ?

ኮሚሽኑ በ2005 ኩባንያውን 5.45 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፡፡ በጃንዋሪ 2006 ደግሞ የኩባንያው የኑክሌር ቅርንጫፍ ለተቆጣጣሪው የተሳሳተ መረጃ መሰጠቱን አምኖ 28 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጋር ስምምነት አደረገ፤ በምላሹ ክሱ እንዲቆይ ተደረገ፡፡ ሁለት የቀድሞ ሠራተኞችና አንድ የኮንትራት አማካሪ በወንጀል ተከሰሱ፡፡ ሁለቱ ሠራተኞች መረጃ በመደበቅ ጥፋተኛ ሲባሉ አማካሪው ነፃ ወጣ፡፡ ጥፋተኞቹም በገንዘብና በገደብ ተቀጡ እንጂ እስር ቤት አልገቡም፡፡

ልብ ሊባል የሚገባው ኩባንያውና ሠራተኞቹ የተከሰሱት ብረቱ በመዛጉ አለመሆኑን ነው፡፡ ለተቆጣጣሪው ምርመራ ሙሉ ነው ብለው ያቀረቡት መረጃ እውነት ባለመሆኑ ነው፡፡ መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል፡፡ መሣሪያ ሊበላሽ ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ግን የሚያየው በአብዛኛው ባለ ፈቃዱ በሚጽፍለት ወረቀት በኩል ስለሆነ ወረቀቱ ሲዋሽ ቁጥጥሩ ራሱ ይወድቃል፡፡ ያም ሆኖ የወንጀል ተጠያቂነቱ ከመካከለኛ ባለሙያዎች ሳያልፍ መቅረቱ፣ የምርት ግፊቱን ከላይ ያወረዱት ከተጠያቂነት ውጪ መሆናቸው ቅር የሚያሰኝ ነው፡፡

እርጅና አንድ ጊዜ ታክሞ የሚድን አይደለም

ከ2004 በኋላም ነገሩ አላበቃም፡፡ ከሚድላንድ የመጣው ክዳን ቱቦዎች በተመሳሳይ ቅይጥ የተሠሩ ስለነበሩ በ2010 እነርሱም ተሰንጥቀው ተገኙ፡፡ በ2011 ስንጥቅ የሚቋቋም ቅይጥ ያለው አዲስ ክዳን ተተከለ፡፡ አዲሱን ክዳን ለማስገባት የውጭው የኮንክሪት ሕንፃ ግድግዳ ሲቆረጥ ደግሞ በኮንክሪቱ ውስጥ ስንጥቆች ታዩ፡፡ ኩባንያው ምክንያቱ በ1978 የደረሰው ከባድ የበረዶ ማዕበል ነው አለ፤ ግድግዳው ውኃ የሚከላከል ቀለም ስላልተቀባ እርጥበት ገብቶ በረዶ ሆኖ ሰነጠቀው ተባለ፡፡ ከ33 ዓመት በፊት ያልተቀባ ቀለም ማለት ነው፡፡ ይህም ሆኖ ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2015 ፈቃዱን ለ20 ዓመታት፣ እስከ 2037 አራዘመ፡፡

ከዚያ የመጣው ፈተና ከኢኮኖሚና ከፖለቲካ ነበር፡፡ የተፈጥሮ ጋዝ በመርከሱ ጣቢያው አክሳሪ ሆኖ በ2018 እንደሚዘጋ ተነገረ፡፡ በ2019 የኦሃዮ ምክር ቤት ዴቪስ-ቤሲንና ፔሪ የተባለውን ሌላ ጣቢያ በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚደጉም ሕግ አወጣ፡፡ በጁላይ 2020 ግን የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ላሪ ሃውስሆልደር ከዚህ ሕግ ጋር በተያያዘ በ60 ሚሊዮን ዶላር የሙስና ሴራ ተከሶ ተያዘ፤ በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ 20 ዓመት እስራት ተፈረደበት፡፡ የኑክሌር ድጎማው በ2021 ተሽሯል፡፡ ጣቢያው ከ2024 ጀምሮ የቪስትራ ኩባንያ ንብረት ነው፡፡

ያረጁ ጣቢያዎችን ለማሻሻል በተግባር ምን ይደረጋል?

ከዴቪስ-ቤሲና ከሌሎች አገሮች ልምድ የሚከተሉትን ነጥቦች ጨምቆ ማውጣት ይቻላል፡፡

1. የሚተካውንና የማይተካውን መለየት፡፡ ክዳን፣ እንፋሎት ማመንጫ፣ ፓምፕና ገመድ ይተካሉ፡፡ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ጣቢያ በ2024 የመጀመሪያው ሬአክተር ፈቃዱ ለ20 ዓመታት የተራዘመለት እንፋሎት ማመንጫዎቹ ከተቀየሩ በኋላ ነው፡፡ ነዳጁን የያዘው ዋናው የብረት ጋን ግን በተግባር አይተካም፡፡ ኒውትሮን ለዓመታት ሲደበድበው እየተሰባሪ ይሄዳል፡፡ ስለዚህ ከዚያው ብረት የተቆረጡ ናሙናዎች በውስጡ ይቀመጡና በየጊዜው እየወጡ ይፈተናሉ፡፡

2. በየጊዜው ሙሉ ፍተሻ ማድረግ፡፡ በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እያንዳንዱ ሬአክተር በየአሥር ዓመቱ ከወቅቱ የደኅንነት ደረጃ ጋር እየተነጻጸረ ይፈተሻል፡፡ ጥያቄው «በተሠራበት ጊዜ ሕጉን አሟልቷል ወይ?» ሳይሆን «በዛሬው ዕውቀት በቂ ነው ወይ?» የሚል ነው፡፡ በአሜሪካ ደግሞ የመጀመሪያው ፈቃድ 40 ዓመት ሲሆን በየ20 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል፡፡

3. ከንድፉ በላይ ለሆነ አደጋ መዘጋጀት፡፡ በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ዳይቺ ከቀለጡት ሦስት ሬአክተሮች የመጀመሪያው ሥራ የጀመረው በ1971 ነበር፤ አደጋው ከመድረሱ አንድ ወር በፊት ተጨማሪ አሥር ዓመት እንዲሠራ ተፈቅዶለታል፡፡ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ጣቢያዎች ተንቀሳቃሽ ፓምፖችና ጄኔሬተሮች እንዲያዘጋጁ ታዘዋል፡፡

4. የሌላውን ስህተት የራስ አድርጎ ማየት፡፡ የ1977ቱ ቫልቭና የኦኮኒው ስንጥቅ ያስተማሩት ይህንኑ ነው፡፡ ብልህ ከሰው ይማራል ይባል የለ፡፡

5. ሰውን መተካት፡፡ ጣቢያ ሲያረጅ የሚያውቁት ሰዎችም ጡረታ ይወጣሉ፤ መለዋወጫ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይዘጋሉ፡፡ ዕውቀቱን በጽሑፍና በሥልጠና ማስተላለፍ እንደ ቧንቧ ጥገና መታየት አለበት፡፡

6. ተቆጣጣሪውን ነፃ ማድረግ፡፡ በ1994 የተፈረመው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት በአንቀጽ 8 የቁጥጥር ሥራ የኑክሌር ኃይልን ከሚያስፋፋ አካል በሚገባ ተለይቶ እንዲሠራ ያዛል፡፡ አንቀጽ 9 ደግሞ ዋናው የደኅንነት ኃላፊነት የባለ ፈቃዱ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ ሁለቱ አንቀጾች አብረው ካልተነበቡ ኃላፊነት በሁለቱ መካከል ይወድቃል፡፡

እኛን ምን አገባን?

ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የላትም፡፡ ነገር ግን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 ነው፡፡ በሴፕቴምበር 2025 (መስከረም 2018 ዓ.ም.) ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት በሞስኮ ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል፡፡ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፡፡

እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢገነባ ዕድሜው 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፡፡ ዛሬ ፊርማውን የሚያኖሩት ሰዎች ጣቢያው ሲያረጅ በሥልጣን ላይ አይኖሩም፤ ብዙዎቻችንም በሕይወት አንኖርም፡፡ ስለዚህ ስለ እርጅናው መታሰብ ያለበት በመጀመሪያው ቀን፣ በአዋጁና በውሉ ውስጥ ነው፡፡ ተቆጣጣሪው በጀቱን ከማን ያገኛል? ኃላፊውን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሳዋል? ጣቢያው ይዘጋ ብሎ ቢያዝ አገሪቱ በኤሌክትሪክ እጥረት ላይ እያለች ትዕዛዙ ይከበራል? ጉድለት ያጋለጠ ሠራተኛ ጥበቃ አለው? የምርመራ ሪፖርቶች ለሕዝብ ይገለጻሉ? ጣቢያውን ለማፍረሻ የሚሆነው ገንዘብስ ከየት ይመጣል?

በዴቪስ-ቤሲ ጉዳይ የተነገሩት ነገሮች ሁሉ ዛሬ ለእኛ የደረሱት በአሜሪካ የኮሚሽኑ ዋና ኢንስፔክተር አለቃውን መተቸት፣ የኮንግረስ ኦዲተር ሪፖርት ማውጣት፣ ፍርድ ቤትም በግልጽ ችሎት ማስረጃ መስማት ስለቻሉ ነው፡፡ እነዚህ ተቋማት እያሉም ብረቱ እስከ ሽፋኑ ድረስ ተበልቷል፡፡ በሌሉበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ መበላቱን የምንሰማው ሽፋኑ ከተበሳ በኋላ በሆነ ነበር፡፡